የሳሎን ምድጃና የማድ ቤት ጭስ ማውጫ፦ ቁመታቸውና መራራቃቸው ስንት ይሁን?

ጥያቄ፦ ከቧንቧ ውኃ፣ ደሴ

ሰላም ለሁላችሁ። ደሴ፣ ቧንቧ ውኃ አካባቢ በምናሠራው ቤት ስለገጠመን የጭስ ችግር ሙያው ያላችሁ ትመክሩኝ ዘንድ ነው የምጽፈው። የከተማችን ብርድ ለማናችሁም እንግዳ አይደለም፤ ክረምቱ ከነጉሙ ካለፈ በኋላ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ውርጩ ሲጀምር እናቴን ጉልበቷን ስለሚያማት፣ በከሰል ማንደጃ ቤት ዘግቶ ከመሞቅ እንጨት የሚነድበት ምድጃ በሳሎኑ ግድግዳ ውስጥ ቢሠራ ይሻላል ብለን ወሰንን። ከዚያው ግድግዳ ጀርባ ማድ ቤቱ ስለሆነ ለእንጀራ መጋገሪያ የሚሆነው ምርጥ ምድጃ በዚያ በኩል ተተከለ። ግንቡን የያዘው ባለሙያም ወጪ እንዲቀንስ ብሎ ሁለቱንም እሳት በአንድ የጭስ መተላለፊያ አገናኝቶ ወደ ጣሪያ አወጣው።

አሁን ማድ ቤት ውስጥ እንጀራ ሲጋገር ሳሎኑ እሳት ሳይነድበት በጭስ ይሞላል። ሳሎኑ ብቻውን ሲነድም ጭሱ መጀመሪያ ላይ ወደ ላይ አልሄድ ብሎ በምድጃው አፍ ይመለሳል፤ ከአፉ በላይ ያለው አዲሱ ልስን ከወዲሁ ጠቁሯል። ከሰዓት በኋላ ከጦሳ ተራራ በኩል ነፋስ በተነሣ ቀን ደግሞ ሳሎኑ ውስጥ መቀመጥ ጭራሽ አይቻልም።

ልኬቱን ልንገራችሁ። የሳሎኑ ምድጃ አፍ ስፋቱ 90 ሴንቲ ሜትር፣ ቁመቱ 80 ሴንቲ ሜትር ነው። የጭስ መተላለፊያው ውስጡ 20 በ20 ሴንቲ ሜትር ሲሆን፣ ከምድጃው ወለል እስከ ላይኛው ጫፍ 4 ሜትር ያህል ይሆናል። ከቆርቆሮው በላይ የሚታየው 50 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ጣሪያውን ከሚበሳበት ቦታ እስከ ጣሪያው አናት አግድም 2 ሜትር አለ፤ ጣሪያውም በየሜትሩ 30 ሴንቲ ሜትር ይነሣል። በስተምሥራቅ በኩል 5 ሜትር ያህል ርቆ የጎረቤታችን ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ቆሟል።

ከቆርቆሮው በላይ ምን ያህል ልጨምር? ሁለቱ እሳቶች አንድ መተላለፊያ መጋራት ይችላሉ ወይስ መለየት አለባቸው? ከተለዩስ በመካከላቸው ምን ያህል ርቀት ይኑር?

መልስ፦ ግንበኛ፣ ከኩታበር

አብሽሩ ወንድሜ፣ ቤቱን ሳያፈርሱ የሚስተካከል ነገር ነው። ከሁለተኛው ጥያቄዎ ልጀምር፤ ምክንያቱም እሱ ሳይፈታ ሌላውን ማስተካከል ዋጋ የለውም። ሁለት እሳት አንድ የጭስ መተላለፊያ መጋራት የለበትም። አንዱ ሲነድ ሌላው ካልነደደ፣ ያልነደደው ምድጃ ለጭሱ እንደ ተከፈተ በር ይሆንለታል፤ ከዚያም በላይ ቀዝቃዛ አየር በዚያ በኩል እየገባ የሚነደውን እሳት ጭስ ስለሚያቀዘቅዘው ወደ ላይ የመውጣት ኃይሉን ያደክመዋል። እንጀራ ሲጋገር ሳሎኑ የሚሞላው በዚህ ምክንያት ነው። ለእያንዳንዱ እሳት የራሱ መተላለፊያ ይሠራለታል።

ሁለቱ መተላለፊያዎች በአንድ የግንብ ቋሚ ውስጥ ጎን ለጎን ሊወጡ ይችላሉ። በመካከላቸው ግን ከታች እስከ ላይ ያልተቋረጠ፣ ውፍረቱ ከ10 ሴንቲ ሜትር የማያንስ የጡብ ግድግዳ መኖር አለበት፤ መገጣጠሚያውም በደንብ መሞላት አለበት። ላይኛው ጫፋቸው ላይም እኩል ሆነው እንዳይጨርሱ ተጠንቀቁ። እኩል ከሆኑ ከአንዱ የወጣው ጭስ እሳት በሌለበት በሌላው በኩል ተስቦ ወደ ቤት ይወርዳል፤ ስለዚህ አንደኛውን ቢያንስ አንድ ወይም ሁለት ረድፍ ጡብ ያህል ከፍ አድርጎ ማስጨረስ ያስፈልጋል።

ቁመቱን በተመለከተ በብዙ አገር የግንባታ ደንብ ውስጥ የሚገኘው፣ እኔም ስሠራ የምከተለው ልክ ይህ ነው፦ ጭስ ማውጫው ጣሪያውን ከሚበሳበት ከፍተኛ ነጥብ ቢያንስ 90 ሴንቲ ሜትር መውጣት አለበት፤ እንዲሁም በአግድም 3 ሜትር ዙሪያ ካለ ማንኛውም የቤቱ ክፍል ቢያንስ 60 ሴንቲ ሜትር መብለጥ አለበት። ሁለቱም መሟላት አለባቸው፤ የሚበልጠው ቁጥር ይወሰዳል። በእርስዎ ቤት የጣሪያው አናት በ2 ሜትር ርቀት ላይ ስለሆነ፣ ጭስ ማውጫው ከሚወጣበት ቦታ በ60 ሴንቲ ሜትር ይበልጣል። በዚያ ላይ 60 ሴንቲ ሜትር ሲጨመር 120 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። አሁን ያለው 50 ነው፤ ስለዚህ 70 ሴንቲ ሜትር ይጎድላል። ግንበኞች ብዙ ጊዜ ከቆርቆሮው ትንሽ ብቅ ካለ ይበቃል የሚሉት ስለ ዝናቡ ብቻ ስለሚያስቡ ነው። ነፋሱ የጣሪያውን አናት አልፎ በሌላው በኩል ወደ ታች ሲንከባለል ጭሱን ይዞ እንደሚመለስ ማሰብ ያስፈልጋል።

አንድ ነገር ደግሞ አደራ እላለሁ። የጭስ ማውጫው ግንብ በጣሪያ ውስጥ ሲያልፍ ወራጅም ሆነ ማገር እንዳይነካው፤ ቢያንስ የ5 ሴንቲ ሜትር ክፍተት ይተውለት። ኮርኒሱም እንዲሁ። ክፍተቱ ባዶ አየር ሆኖ ይቆይ፤ ከላይ በቆርቆሮ ይሸፈን እንጂ በጣውላ ፍርፋሪ ወይም በማዳበሪያ አይጠቅጠቅ። እንጨት ለረጅም ጊዜ ሲሞቅ እየደረቀና እየጠቆረ ይሄድና በፊት በማይነድበት ሙቀት ሊነድ ይችላል፤ እሳቱ የሚነሣውም ማንም በማያየው ቦታ ነው።

መልስ፦ የፊዚክስ መምህር፣ ከኮምቦልቻ

ግንበኛው ወንድማችን የተናገሩት ሁሉ ልክ ነው። እኔ የምጨምረው ቁመቱ ብቻውን የማይፈታው ነገር ስላለ ነው።

ጭስን ወደ ላይ የሚያወጣው የክብደት ልዩነት ነው። በመተላለፊያው ውስጥ ያለው አየር ሞቃት ስለሆነ ቀላል ነው፤ የውጭው ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ ከታች ገብቶ ይገፋዋል። ስለዚህ የሚስበው ኃይል በሁለት ነገር ይወሰናል፦ በመተላለፊያው ቁመትና በውስጡና በውጭው ሙቀት መካከል ባለው ልዩነት። ለእኛ አገር ሦስተኛ ነገር ይጨመራል፤ እሱም ከፍታው ነው። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። የውጭው ሙቀት 10 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ በመተላለፊያው ውስጥ ያለው አማካይ ሙቀት 150 ዲግሪ ቢሆን፣ 5 ሜትር ቁመት ያለው ጭስ ማውጫ በባሕር ዳርቻ ከተማ 20 ፓስካል (ፓስካል የግፊት መለኪያ ነው) ያህል ሲስብ በደሴ የሚስበው 15 ፓስካል ያህል ነው። በሌላ አነጋገር 6 ሜትር የሆነ የደሴ ጭስ ማውጫ በባሕር ዳርቻ እንዳለ የ4 ሜትር ተኩል ጭስ ማውጫ ይሠራል። በኢንተርኔት የምናገኛቸው ልኬቶች ብዙዎቹ ለዝቅተኛ አገር የተጻፉ ስለሆኑ፣ እንደ ዝቅተኛው ገደብ ወስደን እኛ ከዚያ በላይ ብንጨምር ይሻላል። ለኮምቦልቻም ቢሆን፣ ምንም እንኳ ከደሴ በብዙ ዝቅ ብትልም፣ ጉዳዩ ያው ነው።

ወደ እርስዎ ቤት ስመለስ፣ እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ የአፉና የመተላለፊያው ስፋት አለመመጣጠን ነው። ለክፍት ምድጃ የመተላለፊያው የውስጥ ካሬ ስፋት ከምድጃው አፍ ካሬ ስፋት ቢያንስ አንድ አሥረኛ መሆን አለበት፤ ጭስ ማውጫው አጭር፣ ማለትም ከ4 ሜትር ተኩል በታች ከሆነ ደግሞ አንድ ስምንተኛ ቢሆን ይመረጣል። የእርስዎ ምድጃ አፍ 90 በ80፣ ማለትም 7,200 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው ቢያንስ 720 ካሬ ሴንቲ ሜትር፣ ወይም 27 በ27 የሆነ መተላለፊያ ነው። ያለዎት 400 ነው፤ ይህም አንድ አሥራ ስምንተኛ ማለት ነው። በዚህ መጠን ጭስ ማውጫውን እስከ ጎረቤትዎ ፎቅ ድረስ ቢያስረዝሙት እንኳ በአፉ የሚገባውን አየር ሁሉ ማሳለፍ ይከብደዋል።

ሁለት መንገድ አለ፤ ወይ መተላለፊያውን ማስፋት ወይ አፉን ማጥበብ። ማጥበቡ ርካሽ ነው። ከማጥበብዎ በፊት ግን ሁለት ሙከራ ያድርጉ። አንደኛው የአየር ሙከራ ነው። እሳቱ በደንብ ከተቀጣጠለ በኋላ ለምድጃው ቅርብ የሆነውን መስኮት ትንሽ ይክፈቱ፤ ከዚያ እጣን በትንሽ ገል ላይ አድርገው በምድጃው አፍ ላይኛው ጠርዝ ስር ይያዙት። ቀጭኑ የእጣን ጭስ ወደ ውስጥ ከተሳበ አየር አጥሮት ነበር ማለት ነው፤ በርና መስኮቱ በጣም የተገጠመ ቤት እሳቱ የሚበላውን አየር ስለማያገኝ ጭሱን መልሶ ይስባል። መስኮቱ ተከፍቶም የእጣኑ ጭስ ወደ ክፍሉ ከዞረ ችግሩ ከመተላለፊያው ነው። ሁለተኛው የላሜራ ሙከራ ነው። አፉን በስፋቱ የሚሸፍን ላሜራ ወስደው፣ በእጅ ጓንት ይዘው፣ ከአፉ ላይኛ ጠርዝ ጀምረው ቀስ በቀስ ወደ ታች ያውርዱት። ጭሱ መመለስ ያቆመበትን ቦታ በጠመኔ ምልክት ያድርጉበት። የአፉ ቁመት መሆን ያለበት እዚያ ነው።

መጀመሪያ ላይ ጭሱ የሚመለሰው ሌሊቱን በመተላለፊያው ውስጥ ያደረው ቀዝቃዛ አየር ስለሚጫነው ነው። እንጨቱን ከመለኮስዎ በፊት ጋዜጣ ጠቅልለው አቀጣጥለው ወደ መተላለፊያው አንገት ከፍ አድርገው ለጥቂት ጊዜ ቢይዙት ይሞቅና መሳብ ይጀምራል። በውጭ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ጭስ ማውጫ ይህ ችግር ይብስበታል፤ በቤቱ መካከል የሚያልፍ ግን የቤቱን ሙቀት ስለሚጋራ ቶሎ ይስባል።

መልስ፦ ከወገል ጤና

ለሁላችሁም ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። ከላይ የተባለው ስለ ሳሎኑ ነው፤ እኔ ስለ ማድ ቤቱ ልናገር፤ ምክንያቱም በወሎ ከሳሎን ጭስ ይልቅ የእናቶችንና የእህቶችን ዓይንና ሳንባ የሚጎዳው የማድ ቤቱ ጭስ ነው። በደጋው አገር እንጨት ስለሚያጥር ብዙ ጊዜ የሚነደው ኩበት ነው፤ ኩበት ደግሞ ጭሱ ብዙ ነው። ጣሪያው ላይ የሚንጠለጠለውን ጥቀርሻ ያየ ሰው የምታበስለዋ ሴት ምን እንደምትተነፍስ ይገባዋል። ስለዚህ ወንድሜ፣ ሲያስተካክሉ የሳሎኑን አስቀድመው የማድ ቤቱን ለኋላ አይተዉት ብዬ እለምንዎታለሁ።

ምርጥ ምድጃ ከጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶን በግማሽ ያህል ይቆጥባል፤ ጭሱ ግን የሚወጣበት ቧንቧ ካልተበጀለት እዚያው ቤት ውስጥ ይቀራል። ቧንቧው ሲዘረጋ አግድም የሚሄደው ክፍል ይጠር፤ በየሜትሩ ቢያንስ 2 ሴንቲ ሜትር ወደ ላይ እያዘነበለ ይሂድ፤ ክርኑም ከሁለት አይብለጥ። ነጠላ የላሜራ ቧንቧ በጣም ስለሚግል ከእንጨት፣ ከኮርኒስና ከመጋረጃ 45 ሴንቲ ሜትር መራቅ አለበት። እኛ ዘንድ ይህ ቸል ሲባል አያለሁና ነው አጥብቄ የምናገረው።

የሣር ክዳን ቤት ላላችሁ አንባቢዎች ደግሞ፣ የቧንቧው ጫፍ ለቆርቆሮ ከተባለው በላይ ከፍ ማለት አለበት። በእንግሊዝ አገር ደንብ በቀላሉ በእሳት ለሚያያዝ ጣሪያ ከክዳኑ ገጽ ቢያንስ 1.8 ሜትር እንዲሁም ከጣሪያው አናት ቢያንስ 60 ሴንቲ ሜትር እንዲበልጥ ይጠየቃል። ቧንቧውን በሣሩ መካከል ከማሳለፍ በግድግዳው አውጥቶ በውጭ በኩል ማቆም ይሻላል። ፍንጣሪ እንዳይበር በጫፉ ላይ ወንፊት ይደረግ፤ ቀዳዳው ግን 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሁን፤ ደቃቅ ወንፊት በጥላሸት ይደፈንና ጭሱን ይመልሰዋል።

ጠያቂው፦ ከቧንቧ ውኃ፣ ደሴ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ የተባልኩትን ሁለቱን ሙከራዎች አድርጌአለሁ። ለጊዜው የማድ ቤቱን ቀዳዳ በጡብና በጭቃ ደፍኜ ነው የሞከርኩት። መስኮቱ ሲከፈት ጭሱ ቀነሰ እንጂ አልቆመም። ላሜራውን ከላይ ወደ ታች ሳወርድ ግን የአፉ ቁመት 55 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲደርስ የእጣኑ ጭስ ዞሮ ወደ ውስጥ ገባ፤ እናቴም ቁጭ ብላ እያየች ነበርና «አሁን ገና እሳት ሆነ» አለች።

የቀረኝ የማድ ቤቱ ነው። ግንቡን አፍርሼ ሁለተኛ መተላለፊያ ከመጨመር ለምርጥ ምድጃው ለብቻው ቧንቧ ባወጣስ ብዬ አስቤአለሁ። በሌላኛው የማድ ቤት ጫፍ ከወጣ ከግንቡ ጭስ ማውጫ 3 ሜትር ተኩል ይርቃል፤ ከጣሪያው አናት ደግሞ አግድም 4 ሜትር ይሆናል። ቁመቱ ስንት ይሁን? የጎረቤቱ ፎቅስ?

መልስ፦ ግንበኛ፣ ከኩታበር

ሐሳብዎ ጥሩ ነው። ከግንቡ ከ3 ሜትር በላይ ስለራቀ፣ ግንቡን እንደ እንቅፋት ቆጥረው ከእሱ በላይ መውጣት አይጠበቅብዎትም፤ የአንዱ ጭስ ወደ ሌላው የመሳቡም ሥጋት በእጅጉ ይቀንሳል። ከጣሪያው ግን አይድኑም። አናቱ ከ3 ሜትር ውጭ ስለሆነ አይቆጠርም፤ ይሁን እንጂ ከቧንቧው በ3 ሜትር ላይ ያለው የጣሪያው ክፍል ቧንቧው ከሚወጣበት በ90 ሴንቲ ሜትር ይበልጣል። በዚያ ላይ 60 ሲጨመር 150 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ይህን ያህል ቁመት ያለው የላሜራ ቧንቧ በጦሳ ነፋስ ስለሚወዛወዝ በሽቦ ወይም በብረት ድጋፍ ከጣሪያው ጋር ይታሰር፤ ድጋፉም ከወራጅ ጋር እንጂ ከቆርቆሮው ጋር ብቻ አይያያዝ።

የሳሎኑን አፍ 55 ላይ ከማቆም 50 ላይ ያቁሙት። 90 በ50 ሲሆን 4,500 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው፤ መተላለፊያው የዚህ አንድ አሥራ አንደኛ ያህል ይሆናል፤ ከአንድ አሥረኛ ጥቂት ቢያንስም በሙከራዎ 55 ላይ ስለሳበ ይሠራል፤ ግንቡ ላይ 70 ሴንቲ ሜትር ሲጨመር ደግሞ ጠቅላላ ቁመቱ 4 ሜትር ከ70 ስለሚሆን ይረዳዋል። ላሜራውን አስተማማኝ አድርጎ መግጠም ወይም በጡብ ማውረድ ይቻላል።

የጎረቤቱ ፎቅ 5 ሜትር ስለራቀ በ3 ሜትሩ ደንብ ውስጥ አይገባም፤ ጫናው ግን የሚቀር አይደለም። ነፋሱ ከጦሳ መጥቶ ፎቁን ሲመታ በፊት ለፊቱ ያለው አየር ይጨናነቅና የእርስዎን ጭስ ማውጫ ከላይ ይጫነዋል። ከፎቁ በላይ መውጣት ስለማይቻል፣ ከሁሉ አስቀድመው ግንቡን ወደ ተባለው ቁመት ያድርሱትና ነፋስ ባለበት ቀን ይመልከቱት። አሁንም ከተመለሰ በነፋስ የሚዞር ቆብ ይጫኑበት። የተለመደውን የዝናብ ቆብ ከመረጡ ደግሞ በቆቡና በግንቡ ጫፍ መካከል ያለው ክፍተት ከ20 ሴንቲ ሜትር አይነስ፤ በጠበበ ቆብ የታነቀ ጭስ ማውጫ ብዙ አይቻለሁ። የማድ ቤቱ ቧንቧ ጫፍ በፎቁ መስኮት ፊት ለፊት እንዳይውል፣ ከመትከልዎ በፊት ከጎረቤትዎ ጋር ቆማችሁ ተመልከቱት።

ግንቡን ሲያስረዝሙ ብሎኬት አይጠቀሙ፤ ብሎኬት በእሳት ሙቀት ይሰነጠቃል። በደንብ የተቃጠለ የሸክላ ጡብ ይሁን። በአራቱ ማዕዘን ባለ 12 ፌሮ ቀጥ ብሎ ከታችኛው ግንብ ጋር ተያይዞ ይውጣ፤ ስታፋውም (ፌሮዎቹን ዙሪያውን የሚያስረው ቀጭን ብረት) በየ45 ሴንቲ ሜትሩ ይታሰር። አገራችን በስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ላይ ያለች ናት፤ በ1953 ዓ.ም. በካራ ቆሬ አካባቢ የደረሰውን የመሬት መንቀጥቀጥ ታላላቆቻችን ያስታውሱታል። ቤት ሲንቀጠቀጥ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚወድቀው ከጣሪያ በላይ ያለ ፌሮ የቆመ ጭስ ማውጫ ነው፤ የሚወድቀውም በሰው ላይ ነው።

ማገዶው ደረቅ ይሁን። እርጥብ ባሕር ዛፍ የሚነድ ከሆነ ጭሱ ቀዝቅዞ በመተላለፊያው ግድግዳ ላይ ጥቁር ሙጫ ይጋግራል፤ ይህ ሙጫ በእሳት ይያያዛል። የተጋገረው 3 ሚሊ ሜትር ከደረሰ መጠረግ አለበት፤ በየዓመቱ ብርዱ ከመግባቱ በፊት፣ መስከረም ላይ፣ ከላይ በብሩሽ ቢጠረግ መልካም ነው። ፍሙ ሳይጠፋም የጭስ መዝጊያውን እንዳይዘጉ፤ የፍም ጋዝ ሽታ ስለሌለው ሰው ተኝቶ ሳለ ይገድላል።

በመጨረሻ፣ ልስኑን ከመመለስዎ በፊት ግንቡን ይፈትሹት። ምድጃው ውስጥ ትንሽ እሳት ላይ እርጥብ ሣር ጣል ያድርጉና ጭሱ መውጣት ሲጀምር አንድ ሰው ከላይ በእርጥብ ጆንያ አፉን ለአፍታ ይሸፍነው። እርስዎ በዚያን ጊዜ ማድ ቤቱ ውስጥና ኮርኒሱ ስር ሆነው ግድግዳውን በባትሪ ይመልከቱ። ጭስ የሚያፈስበትን መገጣጠሚያ ሁሉ በጠመኔ ምልክት አድርገው ጆንያው ወዲያው ይነሣ፤ መስኮቶቹም ይከፈቱ። ምልክት ያደረጉባቸውን ቦታዎች ፍቀው ዳግመኛ ከሞሉ በኋላ ይለስኑት።